ደም የማይደርሰው ግማሽ

ያኔ መንገዱ ክፍት ቢሆን ኖሮ አጥንቴ ይድን ነበር? ዛሬም መልሱን አላውቀውም።

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሰበብ ሰበታ የታወከችበት ሰሞን ነው። ቀን ፋብሪካ እሠራለሁ፤ በሠላሳ ዓመቴ የማታ ትምህርት ጀምሬያለሁ። ከሥራ ስንወጣ መንገዱ ላይ ጎማ ሲቃጠል አይተን ስንሮጥ ቦይ ውስጥ ወደቅሁ፤ በምጽፍበት ቀኝ እጄ።

ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ስላልነበረ አከራዬ የሰፈሩ ወጌሻ ዘንድ ወሰደችኝ። ሽማግሌው ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉ፣ ዘረጉ።

“የተሰበረ እጅ እንዲህ ይታዘዛል? ወለምታ ነው። ሂንሶዳቲን፣ አትፍሪ።”

“አውራ ጣቴ ሥር ግን ያመኛል፣ ኦቦ።”

“ደሙን ላንቀሳቅሰው ነው” አሉና በቅቤ አሹኝ።

በዚያው ሳምንት የአከራዬ ልጅ ታሰረ። እናቱ የት እንዳለ ለማወቅ ከጣቢያ ጣቢያ ስትንከራተት፣ እኔ እጄን አመመኝ ልበላት? “እጅሽስ?” ስትለኝ “ድኗል” አልኳት።

መንገዱ ተከፍቶ ወራት ካለፉ በኋላ ብቻዬን ሄጄ ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ የእጄ አንጓ ላይ ባቄላ የምታህል አጥንት አሳየኝ። ደም በብዛት የሚገባት በጣቶቹ በኩል ነው፤ ከዚያ ወደ ክንድ ይመለሳል። ወገቧ ላይ ስትሰበር ወደ ክንድ ያለው ግማሽ ደም ሊያጣ ይችላል። የእኔው ሞቷል። ወዲያው በጀሶ ታስሮ ቢሆንስ አልኩት።

“ይድን ይሆናል። ላይድንም ይችላል።”

ለማንም አልተናገርኩም። በግራ እጄ መጻፍ ለመድኩ፤ የተንጋደደ ፊደል አልወድምና ገጹን ቀድጄ እንደገና እጀምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ የቀዳደድኩት ወረቀት ብቻ ነበር የሚያውቀው።

ልጇ ተፈቶ ከተመለሰ ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ አከራዬ ያጠበችውን ብርድ ልብስ ጫፍ አስያዘችኝ፤ ለሁለት እንድንጨምቀው። ስትጠመዝዘው አንጓዬን ወጋኝና ለቀቅሁት። ጭቃው ላይ ወደቀ።

“ምነው፣ ቁርስ አልበላሽም እንዴ?”

“እጄ ነው። ያኔ ተሰብሮ ነበር፤ አልዳነም።”

“ልጄ ስለታሰረ ነው የደበቅሽኝ?”

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

“ሞኝ” አለችኝ። ብርድ ልብሱን እዚያው ትታ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

“የቱ ጋ ነው?”

አሳየኋት።