ሩብ ሰዓት በእርግብ ማድፈጫ

ሲልቨን ላፊት የጭንቀት ሰው ነው። እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ ሠላሳ ዓመት አብረን ስንሠራ፣ ማሽኑ መጥፋቱን ሦስት ጊዜ ሳያረጋግጥ ወደ ቤቱ የሄደበትን ቀን አላስታውስም። ዝናብ ሲዘገይ እሳት ይነሣል ብሎ፣ ሲዘንብ ደግሞ መንገዱ ይበላሻል ብሎ ይጨነቃል። ሚስት ያላገባው ትታመምብኛለች ብሎ ፈርቶ ነው እያልን እንቀልድበት ነበር።

በጥቅምት ግን ሌላ ሰው ነው። የዱር እርግቦች ከሰሜን ተነሥተው በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በላንድ የጥድ ደኖቻችን ላይ ማለፍ ሲጀምሩ፣ ሲልቨን የዓመት ፈቃዱን ይወስድና ማድፈጫው ውስጥ ይከተታል። ማድፈጫውን ሦስታችን፣ እሱ፣ የእህቱ ባል ኤቫሪስትና እኔ፣ በገዛ እጃችን ነው የሠራነው። ወገብ ድረስ የተቆፈረ ጎጆ ነው፤ ከጎጆው ጎንበስ ተብሎ የሚኬድባቸው መተላለፊያዎች ይወጣሉ፤ ጣሪያውም ግድግዳውም በደረቀ የጫካ ቅጠል ተሸፍኗል። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ቅጠሉን እንቀይራለን። ያን ጊዜ ሲልቨን ትልቁ የኦክ ዛፍ ላይ ይወጣና እንደ እርግብ ቁልቁል እያየ፣ ክሎቪስ እዚያ ጋ ክፍተት ይታያል፣ አንድ እፍኝ ጨምር ይለኛል። እጨምራለሁ። በዛ፣ ቀንስ ይላል። እሱ ከዛፉ እስኪወርድ የሁላችንም ምሳ ይቀዘቅዛል።

ዛፎቹ ጫፍ ላይ ዓይናቸው የተሸፈነ ማባበያ እርግቦች በትንንሽ ጣውላዎች ላይ ይቀመጣሉ። ታች ሆነህ ገመዱን ሳብ ስታደርግ ጣውላው ዝቅ ይላል፣ እርግቧ እንዳትወድቅ ክንፏን ታራግባለች፣ በላይ የሚያልፈው መንጋም ጓደኛው ያረፈች መስሎት ይወርዳል። ቅርንጫፉ ላይ ረግተው ሲቀመጡ ሦስታችን በየቀዳዳችን አነጣጥረን፣ በሹክሹክታ እስከ ሦስት ቆጥረን እኩል እንተኩሳለን። እስከዚያ ድረስ ማሳልም የለ፣ ማስነጠስም የለ። እንግዳ ከመጣ ሁለት መቶ እርምጃ ሲቀረው ቆሞ ያፏጫል። ከውስጥ ፉጨት ከተመለሰለት ይገባል። ካልተመለሰለት መንጋ አለ ማለት ነውና ባለበት እንደ ግንድ ይቆማል። ይህን ደንብ የጣሰ ሰው ዓመቱን ሙሉ የመንደሩ ቡና ቤት መሳቂያ ነው።

አንድ ዓመት ሚያዝያ ላይ ኤቫሪስትን ልቡ ጣለው። ሐኪሙ ብርድም ረጅም መንገድም ከለከለው። ሚስቱ ኦዲል፣ የሲልቨን ታላቅ እህት፣ ሁለታችንን ወጥ ቤቷ ውስጥ አስቀምጣ ማድፈጫው ድርሽ እንዳናስደርገው አስማለችን። ሲልቨን ሄዶ ነገረው። ኤቫሪስት እሺ አለ። ሲልቨንን እንቅልፍ የነሳው ይኸው እሺታ ነበር።

"ይሄ ሰውዬ በዕድሜው እሺ ብሎ ያውቃል?" ይለኝ ነበር በየቀኑ።

ጥቅምት ውስጥ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ አንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ትልቅ መንጋ መጣ። ቢያንስ ሁለት መቶ ይሆናሉ። ሲልቨን ገመዱን ሳበ፤ መንጋው ዞረ፣ መውረድ ጀመረ። ልክ ያኔ ከመንገዱ በኩል ፉጨት ተሰማ፤ ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም። የኤቫሪስት ፉጨት ነው።

ሲልቨን ሊጠራው ብድግ ሲል እጅጌውን ያዝኩት። "ጠብቅ" አልኩት በሹክሹክታ፣ "እየወረዱ ነው።"

ጠበቅን። ግማሾቹ አረፉ፣ ግማሾቹ ይዞራሉ። ሁለተኛ ፉጨት አልመጣም። የሲልቨን ግንባር በዚያ ብርድ በላብ ራሰ።

"ለምን ደግሞ አላፏጨም?"

"ደንቡን ስለሚያውቅ ነዋ። ቆሟል።"

"የወደቀ ሰውም እኮ አያፏጭም፣ ክሎቪስ።"

"አታሟርት። ሁለት ደቂቃ ብቻ።"

ሁለቱ ደቂቃ አምስት ሆነ፣ አምስቱ አሥር። ግን እንደዚያ ያለ መንጋ በሠላሳ ዓመት አላየሁም፤ እጅጌውንም አለቀቅኩም። ሌላ ምክንያት የለኝም። ስስት ነው።

ሩብ ሰዓት ሲሞላ ሲልቨን እጄን መንጭቆ ተነሣና የቅጠሉን ጣሪያ በጭንቅላቱ በስቶ "ኤቫሪስት!" ብሎ ጮኸ። ሁለት መቶ እርግብ በአንድ ጊዜ በረረ፣ ደኑ ተናወጠ።

ሮጥን። ኤቫሪስት ጥድ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ የግራ እጁን ደረቱ ላይ አጣብቋል። በቀኙ ደግሞ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ዝም በሉ ይለናል። ልቡ እየከዳው፣ እርግቦቹ እንዳይበሩ ብሎ አፉን ዘግቶ ተቀምጦ ነበር።

"ስንት ናቸው?" አለን።

"ሄዱ" አለው ሲልቨን እያለቀሰ። "ጮህኩ።"

"አንተ ከብት" አለና ዓይኑን ጨፈነ።

የጎጆውን በር ገንጥለን፣ በእሱ ላይ አስተኝተን እስከ መኪናዬ ተሸከምነው። ሆስፒታል ከደረስን ከሁለት ሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ ይተርፋል አለ። ግን ትንሽ ቀደም ብሎ ቢደርስ ኖሮ ልቡ ይህን ያህል ባልተጎዳ፤ ከእንግዲህ ከወንበሩ እስከ በሩ መራመድ ከቻለም ትልቅ ነገር ነው አለ። ተጠርታ የመጣችው ኦዲል ዞራ አየችን። እዚያ ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጠ ጠየቀች።

አፌን ከፈትኩ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ልናገር ነበር። ሲልቨን ቀደመኝ።

"ሩብ ሰዓት። ያቆየሁት እኔ ነኝ። ክሎቪስ እንጥራው ሲለኝ እምቢ ያልኩ እኔ ነኝ።"

ኦዲል በጥፊ መታችው።

ውጭ ስንወጣ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቅኩት። ሲጋራውን ለኮሰ።

"እኔ ወንድሟ ነኝ፣ ብትጠላኝም የትም አትጥለኝ" አለ። "አንተን ግን ደጇን አታስረግጥህም። ከዚያ ያን ሰውዬ ማን ካርታ ያጫውተዋል?"

ኤቫሪስት ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖረ። ሐሙስ ሐሙስ ካርታ አጫወትኩት። ሊጠይቀው ለመጣ ሁሉ፣ የሚስቴ ወንድም በሁለት መቶ እርግብ ላይ እንደ በሬ ጮኸ እያለ ያወራል፤ ሲልቨን ካለም አብሮ ይስቃል። ኦዲል ለእኔ ሾርባውን ጨምር እያለች ትቀዳልኛለች። ለወንድሟ ሳህኑን ያለ ቃል ታስቀምጥለታለች። ያን ሾርባ እንዴት እንደዋጥኩት እኔ አውቃለሁ።

ኤቫሪስትን በቀበርን ቀን ዝናብ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ኦዲል ወንድሟን አልፋ የእኔን ክንድ ያዘች።

"ያን ቀን ወንድሜ አንተን ሰምቶህ ቢሆን ኖሮ" አለችኝ።

ሲልቨን ሁለት እርምጃ ከኋላችን ነበር፤ ሰምቷል። ዞሬ አየሁት። ዓይኑ እኔ ላይ አልነበረም፤ የእህቱን እግር ነበር የሚያየው።

"ክሎቪስ" አለኝ፣ "አጥብቀህ ያዛት። ደረጃው ያንሸራትታል።"

አጥብቄ ያዝኳት።