ሳላነብላቸው የቀረሁት ጥናት

ንጋት 12፡00፣ ባሕር ዳር መናኸሪያ

ሚኒባሱ ሳይሞላ ንቅንቅ አይልም። ረዳቱ "ዳንግላ! እንጅባራ!" እያለ ይጣራል። አጠገቤ የተቀመጠችው ተማሪዬ ትዕግሥት ናት። የከተማ ሥነ ምህዳር ታጠናለች፤ ለሁለት ወር የተግባር ልምምድ እንጅባራ ላደርሳት ነው። እኔም በእሷ ዕድሜ ለዚሁ ሥራ ዳንግላ ወጥቼ ነበር።

"መምህር፣ ያኔ የት ነበር ያረፉት?"

"እማማ የሺ ቤት። ከከተማው ዳር፣ ጨፌው አጠገብ። ለምሳ ልንደርስባቸው ነው።"

ያልነገርኳት ነገር አለ። ስሰናበታቸው እማማ የሺ "ያገኘኸውን መጥተህ ታነብልናለህ?" ሲሉኝ "እንዴታ" ብዬ ነበር። የጨፌውንና የምንጮቹን ጥናት ለመምህሮቼ አስረከብኩ፣ ጥሩ ውጤት አገኘሁበት፣ በዚያው ቀረሁ። ዛሬ ቅጂው ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

4፡00፣ ዳንግላ

የባጃጁን ሹፌር ወደ ጨፌው እንዲወስደን ብነግረው "የቱ ጨፌ?" አለኝ። ወጣት ነው፣ አይፈረድበትም። ቆርቆሮ ጣሪያ በተደረደረበት በኩል ወረድን። ቄጠማው ወገቤ ይደርስ የነበረበት፣ ጠዋት ጠዋት ዝይ የሚያርፍበት ያ ሁሉ ሜዳ ዛሬ አንድ የኳስ ሜዳ ቢያክል ነው።

እማማ የሺ ደጃፋቸው ላይ ድንች ያጥባሉ። ቀና አሉና ትኩር ብለው አዩኝ።

"ያ ሜትር ያዡ ልጅ አይደለህም?"

"ነኝ፣ እማማ።"

የተቀቀለ ድንች ከአዋዜ ጋር ቀረበልን።

"እጠብቅህ ነበር አልልህም፤ ሥራ ነበረብኝ" አሉ። ከዚያ ረጋ ብለው ቀጠሉ። "ቦታው ለቤት ሲሸነሸን ማዘጋጃ ቤት ሄደን አቤት ብለን ነበር። ምንጩ ከዚህ ነው፣ ተማሪም አጥንቶታል አልን። ወረቀቱስ አሉን። ወረቀት ከየት እናምጣ?"

ቅጂውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። "ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"ለእኔ ብቻ አይደለም የምታነበው" ብለው ጎረቤት ሊጠሩ ወጡ።

6፡00፣ ጨፌው ዳር

ዘጠኝ ሰው መጣ። ቆሜ አነበብኩ። በዚያ ዕድሜዬ ያኮራኝ የነበረው የሳይንስ ቃል ዛሬ ለራሴ ጆሮ ጎረበጠኝ። አማርኛው ለማይቀናቸው አንድ አዛውንት እማማ የሺ በአዊኛ ያቀብሏቸዋል። አዛውንቱ መሀል ላይ አስቆሙኝና ወደ ቤቶቹ እያመለከቱ ተናገሩ።

"ሦስት ምንጭ ብለሃል፤ አራት ነበሩ ነው የሚሉህ" አሉ እማማ የሺ። "አራተኛው ከዚያ ቤት ሥር ነው። እስካሁን ወለላቸውን ያረጥበዋል።"

ትዕግሥት ጻፈችው። "የቀሩት ሦስቱስ ውኃ አላቸው?"

"ሁለቱ አላቸው። ግን ይህችም ሜዳ ልትሸነሸን ነው ይባላል።"

አዛውንቱ ወደ ምንጮቹ መሩ፤ ትዕግሥት ጫማዋን አውልቃ ተከተለቻቸው። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ተመለሰች።

"መምህር፣ ልምምዴን እዚህ ባደርገውስ?"

መልስ ሳልሰጥ እማማ የሺ ቀደሙኝ። "አልጋው አለ። አንብበሽልን ነው ግን የምትሄጂው።"

10፡00፣ እንጅባራ

በአዲስ ቅዳም በኩል ብቻዬን መጣሁ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የከሰል ጆንያ፣ ከኋላው ለከሰል የተተከለ ደን። እንጅባራ ስወርድ ብርዱ ኮቴን አስቆለፈኝ።

ትዕግሥትን ሊቀበሏት የጠበቁት የልምምዷ ቢሮ ኃላፊ ወደ ኋላዬ ተመለከቱ። "ተማሪዋስ?"

"ዳንግላ ቀረች" አልኳቸው። ወንበር ሳቡልኝ። እኔም ለእማማ የሺ ከገባሁት ቃል ጀምሬ፣ ምንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው።