የተነቃነቀው ፎቶ

«ኢንጅነሯ» ያልኳት እኔ ነኝ፤ ስሙም ተጣብቆባት ቀረ። ያን ጊዜ እንኳን ኢንጅነር ልትሆን የኮምፒውተር ትምህርቷን ገና አላጋመሰችም ነበር። ፎቶ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመችና፣ «ጋሼ፣ ኮምፒውተር ገዝተው መንካት ፈርተዋል ሲሉ ሰማሁ» አለችኝ። ድፍረቷን እዩልኝ! እውነቷን ስለነበር ይበልጥ ደሜ ፈላ። ኮምፒውተሩ ከተገዛ ጀምሮ ባለቤቴ በጠረጴዛ ልብስ ሸፍናው ተቀምጧል። ደንበኛ ሲመጣ ገለጥ አድርጌ አሳያለሁ፣ ሲሄድ መልሼ እሸፍናለሁ።

«ማን ነው ፈርቷል ያለሽ?»

«እትዬ ናቸው።»

ዞር ብዬ ባለቤቴን ባያት መስተዋቱን ትወለውላለች፤ ምንም እንዳልሰማ ሰው።

ኢንጅነሯ ጠዋት ጠዋት ክፍል ስለነበራት ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚሠራ ነገር ስትፈልግ ያልገባችበት የለም። መጀመሪያ የአንድ ነጋዴ ልጆችን ኮምፒውተር ልታስተምር ገባች፤ ልጆቹ ጌም መጫኛ አደረጓት፣ አባትየው ብቅ ሲል ደግሞ ሁሉም ጨዋ ተማሪ ይሆናሉ። ከዚያ ጽሕፈት ቤት ገብታ የተማሪ ወረቀት ስትተይብ፣ ስህተቱን ካላረምኩ እያለች ከባለ ወረቀቶቹ ጋር ተጣላች። «ተይቢልኝ እንጂ አስተምሪኝ አልኩሽ?» ይሏታል። የስልክ ጥገናውን ወዳው ነበር፤ ባለቤቱ ግን የፈተና ቀን እንኳ ካልመጣሽ አለ። አንዱ ባለ ሱቅ ደግሞ የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ሥሪልኝ አላትና፣ ሠርታ ስታመጣለት «ይቺን ቀይ ብታደርጊያት»፣ ቀይ ስታደርጋት «አረንጓዴው ይሻል ነበር» እያለ ነፍሷን ሊያወጣት ደረሰ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እየሳቀች ነው፤ ሳቋ ግን የደከመው ሳቅ ነበር። አንጀቴን በላችው።

«ከሰዓት ከሰዓት ነይ። ፈተና ሲደርስ ትቀሪያለሽ» አልኳት።

አይ ያ ጊዜ! ፎቶ ቤቴ ያኔ ሰው የሚወጣ የሚገባበት ቤት ነበር። ከፊት መስተዋትና በክር የታሰረ ማበጠሪያ፤ ኮት ሳይለብስ ለመጣ ሰው የምናውሰው፣ ለሁሉም የሚሰፋ አንድ ጥቁር ኮት፤ ከኋላ ፊልም አጥብበት የነበረ ጨለማ ክፍል። ኮምፒውተሩን እዚያ አስገባንላት። የፊልም ማጠቢያው መድኃኒት ከቀረ ቆይቶም ሽታው ከግድግዳው አልወጣም ነበርና፣ ማታ ወደ ዶርም ስትመለስ ጓደኞቿ «ፎቶ ፎቶ ትሸቻለሽ» ይሏት ነበር።

እኔ በተሳለ እርሳስ ኔጋቲቭ ላይ ጎንበስ ብዬ የስንቱን ሙሽራ ብጉር ያጠፋሁ ሰው ነኝ። እሷ ያንን በማውስ ታደርገዋለች፤ ለዚያውም ሻይ እየጠጣች። ተቃጠልኩ ብል ማጋነን አይሆንም። ሥራዋ ግን ንጹሕ ነበር። አንድ አመል ነበረባት፦ ማንኛውንም ፎቶ ከመንካቷ በፊት ቅጂ ታወጣና ዋናውን «አይነካ» ብላ ሰይማ ለብቻ ታስቀምጠዋለች።

«ምንድን ነው ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት ማድረግ? መንታ ወለድን እንዴ?» እላታለሁ።

«ዋናውን ካበላሹት መመለሻ የለውም፣ ጋሼ።»

ኮሌጅ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያስምሏቸው ይህንን ነው መሰለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት መጡ። ልብስ ሰፊ መሆናቸውን ደረታቸው ላይ ከተሰኩት መርፌዎች አወቅሁ። ከቦርሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ፎቶ አወጡ። እሳቸው በወጣትነታቸው ተቀምጠዋል፣ ትልቁ ልጃቸው ከጎናቸው ቆሟል፣ ትንሹ ጉልበታቸው መሐል ነው። ፎቶው ታጥፎ ኖሮ፣ እጥፋቱ በትንሹ ልጅ ፊት ላይ አልፎ ቀለሙን ልጦታል። ከግንባሩ እስከ አገጩ ነጭ ወረቀት ብቻ ነው የቀረው።

«ሌላ ፎቶ የለዎትም?» አልኳቸው።

«ጣሪያው አፍስሶ የነበረው ሁሉ ተበላሸ። ይቺ ቦርሳዬ ውስጥ አጥፌ ስለያዝኳት ተረፈች። ማጠፌ ደግሞ...» ብለው አልጨረሱትም።

ትንሹ ልጅ ታሞ የሞተው ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል ነው። «ድምፁ ጆሮዬ ላይ አለ» አሉ፤ «ፊቱ ግን እየጠፋብኝ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ስፈልገው የታላቁ ፊት ይመጣብኛል። እባካችሁ፣ አንድ ጊዜ ልየው።»

የት እንደተነሱት ብጠይቃቸው አያስታውሱም። ባለቤታቸው ለእንግድነት ይዟቸው በሄደበት ከተማ አንድ ፎቶ ቤት አስገብቷቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ስንት ቦታ ኖረዋል።

እንደወጡ ለኢንጅነሯ፣ «ቀላል ነው» አልኳት። «የታላቁን ዓይንና አፍንጫ ወስደሽ አስገቢበት። ወንድማማች አይደሉ? ማንም አይለየውም።»

እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። «አላደርገውም።»

«ለምን?»

«የተናገሩትን ሰምተዋል፣ ጋሼ። የታላቁ ፊት እየመጣባቸው ነው የተቸገሩት። እኔ ደግሞ እሱኑ አትሜ ልስጣቸው? ከዚያ በኋላማ ልጁን ለዘላለም አያገኙትም።»

ኩም አልኩ። ኩም ብዬ ግን ዝም አላልኩም፣ አመሌ አይደለም። «እንግዲያው ነጩን ወረቀት ይዘው ይሂዱ!» ብዬ በሩን ወርውሬው ወጣሁ።

እሷ እቴ! ፊቱ እንቢ ቢላት የቀረውን ፎቶ እያጎላች ጥግ ጥጉን ማየት ያዘች። አንድ ከሰዓት ላይ፣ «እትዬ፣ ይቺን ዶሮ መቼ ነው የሳሏት?» ብላ ጮኸች።

የዶሮዋ ነገር እንዲህ ነው። ደንበኞቼን የማቆመው ሐይቅና ዛፍ የተሳለበት ትልቅ መጋረጃ ፊት ነው። ድሮ የካሜራዬ መቆሚያ ወድቆ ጥጉን ቀደደው። ባለቤቴ ቀዳዳውን ጠግና፣ ጥገናው እንዳይታይ የውሃ ወፍ ሳለችበት፤ ወፏ ግን ሐይቅ ላይ የቆመች ዶሮ ሆና ቀረች። ስንስቅባት ኖረናል።

«እዚህ ፎቶ ላይ ዶሮዋ የለችም» አለች ኢንጅነሯ። «ቀዳዳው ነው ያለው።»

ሮጬ ገባሁ። የራሴ መጋረጃ! ስንት ዘመን ሰዎቹን ሳቆም ኖሬ ከኋላቸው ያለውን አላውቀውም። ፎቶውን ያነሳሁት እኔው ራሴ ነበርኩ፣ መጋረጃው ተቀዶ ሳይጠገን በቆየባት በዚያች አጭር ጊዜ።

ደስታችን ግን ወዲያው ቀዘቀዘ። ያን ጊዜ ኔጋቲቩን ከፎቶው ጋር ለደንበኛ እሰጥ ስለነበር፣ የሴትየዋም ጣሪያው ሲያፈስ ከሌላው ጋር ጠፍቷል። «አለቀ በቃ» ብዬ ተቀመጥኩ።

«የተበላሹትስ?» አለች ባለቤቴ ከበሩ ላይ።

ሰው ከተነቃነቀብኝ እንደገና አነሳለሁ፣ የተበላሸውን ፊልም ቆርጬ ቆርቆሮ ውስጥ እጥላለሁ። ባለቤቴ አሮጌ ፊልም የሚገዛ ሰው ይመጣል ብሏት አንዱ፣ እነዚያን ቆርቆሮዎች አንድም ሳትደፋ አልጋ ሥር ደርድራቸዋለች። ገዢ መጥቶም አያውቅ። ስንቴ አውጥተሽ ጣይልኝ ብዬ እንደተጨቃጨቅን ቤቱ ይመስክር። ያን ቀን ግን አፌ ቁርጥ ይበል፣ ተንበርክኬ አወጣኋቸው።

ከሰዓት ከሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጠን አየናቸው። እሷ እያነሳች ስካነሩ ላይ ታስቀምጣለች፣ እኔ አያለሁ። ዓይኑን የጨፈነ፣ ያስነጠሰ፣ በቁጣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ሚስቱን በክርኑ የሚጎሽም ሙሽራ። ሰው እንዲህ መሆኑን የማላውቅ ይመስል እኔ የማትመው ጭጭ ያሉትን ብቻ ነበር። አንዳንዱን ሳየው እንባዬ መጣ፤ አቧራው ነው አልኩ።

በመጨረሻ ቀዳዳው ያለበት መጋረጃ ወጣ። እናትየው ተቀምጠዋል፣ ትልቁ ልጅ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሏል። ትንሹ ቀና ብሎ የእናቱን ፊት እያየ ይስቃል፤ በመንቀሳቀሱ ጠርዙ ደብዘዝ ብሏል።

«ተነቃንቋል» አልኩ። «እስቲ ትንሽ አጥሪው።»

«መጀመሪያ እሳቸው ይዩት» አለች። «ዋናው አይነካም።»

ሴትየዋ ሲመጡ አስቀመጥናቸው። እኔ ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ከፈትኩ፤ «ትንሽ ተነቃንቋል፣ እናቴ...»

«ልጄ መች ቆሞ ያውቅና!» አሉ።

እጃቸው አፋቸው ላይ ነበር። እየሳቁ ነው እያለቀሱ መለየት አልቻልኩም። «ይኸው! ጥርሱ! የፊት ጥርሱ ወልቆ ነበር እኮ። ረስቼው... እኔን አፈር ይብላኝ፣ ረስቼው!» ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ወሰዱ፣ ሳይነኩት መለሱ። «ፎቶ አንሺው እንዳትነቃነቅ ሲለው ነው የሳቀው። እርስዎ ነበሩ?»

«እኔ ነበርኩ» አልኳቸው።

ኢንጅነሯ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ባለቤቴ ብቻ ናት ደህና የቆመችው፤ «ቆርቆሮውን ጣይው ሲለኝ!» አለች ጮክ ብላ። እሺ፣ ይገባታል።

ከዚያ በኋላ ወሬው ኮሌጁ ደረሰና የኮምፒውተር ተማሪ ሁሉ ሥራ ሲፈልግ መጀመሪያ እኔን ማማከር ጀመረ፤ እኔን፣ ኮምፒውተር መክፈት እንኳ የሚያንቀጠቅጠኝን ሰውዬ! «ከፈተና የማያስቀርህን ያዝ» እላለሁ፤ «የሚፈልገውን ቀለም የማያውቅ ባለ ሱቅ ካየህ ሩጥ።» ኢንጅነሯ ከውስጥ ሆና ትስቃለች። ያ ሳቅ አልደከመውም ነበር። አሁን ቤቱ ሲጨልም የሚናፍቀኝ እሱ ነው።

የተመረቀች ቀን ጋውኗን እንደለበሰች መጣች። ሩቅ አገር ሥራ አግኝታ ነበር፤ በማግሥቱ ሂያጅ ናት። ሐይቁና ዶሮዋ ፊት አቆምኳት። ባለቤቴ ቆቧን አቃናችላት። ካሜራው ላይ ጎንበስ ስል ኢንጅነሯ ዶሮዋን በዓይኗ ጥግ አየቻትና ሳቋ አመለጣት፤ ቆቡ ተንሸራተተ፣ እሱን ልትይዝ ዞረች። የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩት።

«ጋሼ! ተነቃነቅኩ እኮ! ይድገሙት!»

«አውቃለሁ» አልኳት። ካሜራውን ከመቆሚያው አወረድኩት፤ አልደገምኩትም።