የኮሪያ ታሪክ ሽንኩርት ማሳ ላይ

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። የኮሪያን ታሪክ ግን ብትጠይቁኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እነግራችኋለሁ። ከዓረብ አገር የተመለሰችው ጎረቤቴ ዘሀራ፣ ዕድሜ ይስጣትና፣ ፖድካስት የሚሉትን ትረካ በአማርኛ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ሽንኩርቴን ስኮተኩት ድምፁን ለቅቄ አደምጣለሁ።

አንድ ቀን፣ ጦርነቱ አገሪቱን ለሁለት ከፍሎ እናት ወዲህ ልጅ ወዲያ መቅረታቸውን ሰማሁ። እናትየዋ አርጅታ ልጇን ልታይ ተነሳች ሲል መኮትኮቴን ተውኩ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ይመር በማሳ ድንበር ተጣልተን፣ መሀላችን የቁልቋል አጥር ቆሞ፣ ሦስት ዓመት ሰላምታ እንኳ የለንም። መስማቱን አልቻልኩትም፤ ዘግቼው ወደ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ጸሎቴን አድርሼ እርቅ ልለምነው ሄድኩ። ይመር ከአጥሩ ወዲያ ቆሟል። «እንደምን አደርክ» ልበል ወይስ «ይቅር በለኝ»? መሬት መሬቱን እያየሁ ጉሮሮዬን ስጠራርግ እሱ ቀደመኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ትናንት ምነው ሳያልቅ ዘጋኸው? እናትየዋ ልጇን አገኘችው ወይ?»