ናፍጣ ውስጥ የተገኘው ውሃ

የደባርቁ መካኒክ ገዱ ወይዘሮ ዘቢደርን እንደዚያ ሆነው አገኛቸዋለሁ ብሎ በሕልሙም አላሰበም። ቀኑ የካቲት አምስት፣ ዓመቱ 1998 ነው። አቦን ተሳልሞ ወደ ጋራዡ ሲያቋርጥ በደጃፋቸው አለፈ። ልጃቸው ማዕረግ የሚነዳው አይሱዙ እንደ ወትሮው ከአጥሩ ሥር ቆሟል። ወይዘሮ ዘቢደር ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ የናፍጣውን ታንከር ክዳን ከፍተው ከሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ያንቆረቁሩበታል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

ገዱ መጀመሪያ ዓይኑን ተጠራጠረ። ቀጥሎ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

ይህ አይሱዙ ከኅዳር ወዲህ ሦስት ጊዜ እጁ ገብቷል። ቆሞ ሲሰሙት ድምፁ ጤነኛ ነው። ነዳጅ ሲረግጡት ግን ይንተፋተፋል፤ ጭኖ ዳገት ሲጀምርማ ጨርሶ ጉልበት ያጣል። በመጀመሪያው የናፍጣ ማጣሪያውን ፊልትሮ ለወጠለት። በሁለተኛው ፖምፓውን ፈታ፣ ቱቦውን በአፉ እየነፋ አጸዳ። በሦስተኛው ከታንከሩ ሥር በብርጭቆ ቀድቶ አስቀመጠና ሻዩን ጠጥቶ ሲመለስ፣ ናፍጣው ከላይ ተንሳፍፎ፣ ውሃው ከታች ተኝቶ አገኘው። ማዕረግ ይህን ያየ ጊዜ አዲ አርቃይ ወርዶ በበርሜል ናፍጣ የሚሸጥለትን ሰው በገበያ መካከል ሌባ ብሎ አዋረደው። ሰውየው በስንቱ ታቦት ቢምል ማን ይስማው።

ዛሬም ማዕረግ ረፋዱ ላይ ወርዶ፣ ማሽላ ጭኖ፣ የሊማሊሞን ዳገት ሊወጣ ነው። ገዱን ድንጋዩ ላይ ያስቀመጠው ግን ይህ ብቻ አልነበረም።

ወይዘሮ ዘቢደርን ደባርቅ የሚያውቃቸው በብቅላቸው ነው። ባላቸው ሲሞቱባቸው ከጃናሞራ ሁለት ወንዶች ልጆች ይዘው መጡ፤ ገብስ እየገዙ፣ እያበቀሉ ለጠላ ጠማቂዎች ሸጡ። የእሳቸው ብቅል ካልሆነ ጠላው አይጥመንም የሚሉ ነበሩ። ደግሞ ቀልደኛ ናቸው። ትልቁ ልጃቸው አለነ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ቀን፣ ያባቱ በቅሎ እንኳ አትታዘዘውም ነበር እያሉ ገበያውን ሲያስቁት ዋሉ።

አለነን ሊማሊሞ በላው። በ1995 ክረምት ጭኖ ሲወጣ መኪናው መታጠፊያው ላይ ጉልበት አጣ፤ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ገደል ገባ። ሬሳውን ካወጡት አንዱ ገዱ ነበር። መኪናው የሚጠገነው ጎንደር ስለነበር ከዚያ በፊት ነክቶት አያውቅም። የተሰባበረውን ሞተር ሲያገላብጥ ፊልትሮው ውስጥ ውሃ አገኘ፤ የዝናብ ነው ብሎ ለማንም ሳይናገር ተወው። ወይዘሮ ዘቢደር ከዚያ ወዲህ ሲቀልዱ የሰማቸው የለም። ብቅሉን ግን አላቆሙም፣ ማዕረግ ገና ተማሪ ነበር። እሱም ባለፈው ጥቅምት መሪ ልያዝ ሲል ሳምንት ሙሉ አላናገሩትም ይባላል።

“ምነው ገዱ፣ አመመህ እንዴ?” አሉት፤ ክዳኑን እየገጠሙ።

ደህና ነኝ አለና የሚጨምሩት ምን እንደሆነ ጠየቃቸው። ምንም ሳይደብቁ ነገሩት። የአቦ ጸበል ነው፤ በወር በወሩ፣ በአምስት በአምስት። ቄሱ መኪናውን ከላይ ረጭተውታል፤ ግን ያንን ዝናብ ያጥበዋል።

“ሰው ጸበል የሚጠጣው ለውስጡ አይደል? ይኸም ያው የሚጠጣበት አፍ አለው።”

ገዱ ጸበሉን ሊነቅፍ አልቃጣም፤ እሱም ገና አሁን ጠጥቶ መምጣቱ ነው። ዝም እንዳይል ማዕረግ ሊወርድ ነው። እንዳይናገር፣ የትንሹን ልጃቸውን መኪና ነገር ሲነግራቸው የትልቁንም አሟሟት መንገሩ ነው። 

“እትዬ ዘቢደር፣ ጸበሉን መሪው ላይ ይርጩለት፤ ልጁንም ያጠጡት። ታንከሩ ውስጥ ግን ይተዉት። ውሃና ናፍጣ አይስማሙም።”

“ባይስማሙስ ምን ይሆናል?”

“መኪናው ትንሽ ይደክማል።”

“ዳገት ላይ?”

“ሜዳም ላይ ይደክማል” አለ ገዱ፤ ቀና ብሎ ሳያያቸው።

ወይዘሮ ዘቢደር ጠርሙሱን መሬት ላይ አስቀመጡ።

“ለአለነም በየወሩ አደርግለት ነበር” አሉ፤ ስለ ገብስ ዋጋ የሚያወሩ ያህል በረጋ ድምፅ።

“የአለነ ፍሬን ነው” አለ ገዱ ፈጠን ብሎ። “እኔው ራሴ አይቼዋለሁ። ፍሬን በጥሶ ነው።”

“ሲወጣ አልነበር እንዴ?”

“ሲወጣም ይበጥሳል።”

ወይዘሮ ዘቢደር ጫማቸውን ፈልገው ሲያጠልቁ ግራና ቀኙን አሳስተው አደረጉት፤ አላስተዋሉም።

ማዕረግ ፊቱን በፎጣ እየጠረገ ወጣ። ገዱ ታንከሩን አራግፌ ሳላጥብ ይህ መኪና ሊማሊሞን አያይም አለው። ልጁ ያ የአዲ አርቃይ ሌባ ደገመኝ ማለት ነው ብሎ ሊነሳ ሲል፣ ገዱ ሰውየው የለበትም፣ ታንከሩ ግማሽ እየሆነ በብርድ ሲያድር ከውስጥ ያልበዋል፣ ወርደህ ይቅርታ ጠይቀው አለው። ማዕረግ ብረት ያልበዋል ሲባል አልሰማሁም ብሎ ሳቀበት፤ ቢሆንም ቁልፉን ሰጠው።

ገዱ ጋቢና ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ወይዘሮ ዘቢደር ልጃቸው ወደ ቤት እስኪገባ ጠብቀው ወደ መስኮቱ ተጠጉ፤ እጃቸውን በሩ ላይ አሳረፉ።

“ፍሬን ነው አልክ አይደል?” አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ። “ማዕረግም የጠየቀህ እንደሆን፣ ፍሬን ነው በለው።”