የጋሽ ባዩ ዶሮና ሰባቱ ሰሃኖች

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ እጄን ይዛ ሲግናል አካባቢ አንድ ግቢ አስገባችኝ። የምትሠራው እዚያው ሰፈር ነው፤ ምሳ የሚበላበትን ቤት ሁሉ ታውቃለች። "እማ፣ ስሞክድ ችክን ነው፣ በጭስ የበሰለ ዶሮ፤ ሁሉም ሰው አሪፍ ነው ይላል፤ ዛሬ ትራይ እናድርገው" አለችኝ። የመኖሪያ ቤት ጓሮ ነው። ሦስት ጠረጴዛ፣ አንድ የሎሚ ዛፍ፣ ከሎሚው ስር ጥቁር ቀለም የተቀባ በርሜል፣ ከበርሜሉ ፊት ደግሞ ሽርጥ የታጠቀ፣ ገና ጢም የሚጀምረው ልጅ። "ማዘር፣ እንኳን ደህና መጡ! ይሄ እንግዲህ አገራችን ውስጥ አዲስ ነገር ነው" አለኝ በኩራት።

ማዘር ይበልህ! አርባን በቅጡ ሳልጠግበው። እሱንስ ይቅር አልኩት። አፍንጫዬ ግን ሌላ ነገር ይዞ ነበር። ከበርሜሉ እየተግተለተለ የሚወጣው ጭስ የባህር ዛፍ ጭስ ነው። ዶሮ በባህር ዛፍ! ሳቄ አመለጠኝ። ልጄ በክርኗ ጎሸመችኝ። እኔ ግን ልቤ ሲግናልን ለቆ ካራ ደርሷል፤ ጋሽ ባዩ ጓሮ፣ ስድስት ዓመቴ ላይ።

ያኔ ካራ ከተማም ገጠርም ነበር። ከቤታችን በስተጀርባ የገብስ ማሳ አለ፤ ከማሳው በላይ ባህር ዛፉ ይጀምርና እስከ ተራራው ጫፍ ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት ሴቶች ከላይ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ ከሰዎቹ በፊት ሽታው ይደርሳል። የሰፈሩ ምድጃ ሁሉ የሚነደው በዚያ ነው። ጋሽ ባዩ ከኛ ቤት ቀጥሎ ያለው የቆርቆሮ አጥር ውስጥ የሚኖሩ በያጅ ነበሩ። የሰፈሩ የብረት በር ሁሉ የእሳቸው እጅ ነው። ቁመታቸው ረጅም፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ኮፍያቸው የብየዳ ፍንጣሪ እንደ ወንፊት የበሳሳው። በዓል ሲመጣ ደግሞ ወንድ በሌለበት ቤት ሁሉ ዶሮ የሚባርኩት እሳቸው ናቸው። ቢላቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ከበር በር ሲዞሩ እኛ ልጆች ከኋላቸው እንሰለፋለን።

ባለቤታቸው እትዬ የሺ ሲሞቱ ልጅ አልነበራቸውም። ጋሽ ባዩ አምስት ዶሮዎችና አንድ ባዶ ወጥ ቤት ይዘው ቀሩ። ሰፈሩ ግን መቼ ዝም ይላል! በዓል በመጣ ቁጥር ከየቤቱ አንዳንድ ሰሃን ወጥ ይላክላቸዋል። ችግሩ ሰሃኑ ላይ ነው። በኛ ሰፈር የሰው ሰሃን ባዶውን አይመለስም። ቢያንስ አንድ ጭብጥ ቆሎ፣ ቢያንስ ሁለት ሎሚ ጣል ይደረግበታል። ጋሽ ባዩ ደግሞ ኩሩ ናቸው፤ ወጥ በልተው ቆሎ መመለስ አልሆነላቸውም። ወጥ መሥራትም አይችሉም። ሽንኩርት ሲከትፉ አንዴ አይቻለሁ፤ ብረት የሚቆርጡ ነበር የሚመስሉት። እናም ሰሃኖቹን አጥበው እትዬ የሺ መደርደሪያ ላይ ይደረድሯቸዋል። የገና፣ የጥምቀት፣ እያለ ስድስት ደረሰ። ሁሉም አበባ ያለባቸው የብረት ሰሃኖች ናቸው፤ ከስራቸው በጥፍር ቀለም የባለቤታቸው ምልክት አለ። እናቴ እንግዳ መጥቶ ሰሃን ሲያጥራት ወደ እሳቸው ቤት አየት ታደርግና ከንፈሯን ትመጥጣለች። "ሰሃኔን ላኩልኝ" ማለት ነውር ነዋ።

አንድ ቀን በራቸው ላይ ቁጭ ብዬ እያለሁ መደርደሪያውን እያዩ፣ ለኔ ይሁን ለእትዬ የሺ እንጃ፣ "ከውስጡ ሰሃን የማይወጣበት ቤት ደግሞ ቤት ነው?" አሉ። ስድስት ዓመቴ ቢሆንም ገባኝ። ሰውዬው የፈሩት ረሃብ አልነበረም። የየሺ ቤት ሰው ሰጥቶት የሚበላ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው የፈሩት።

ሁዳዴ ሲገባ አንድ የዘይት በርሜል አመጡ። ድሮ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ በያጅ ሆነው ሲሠሩ፣ ፈረንጆቹ እሁድ እሁድ በርሜል ውስጥ ዶሮ በጭስ ሲያበስሉ አይተዋል። ይሄ ሽንኩርት አይፈልግ፣ ቁሌት አይፈልግ፤ የሚፈልገው ብረትና እሳት ነው። ብረትና እሳት ደግሞ የጋሽ ባዩ አገር ነው። የዘይት በርሜሉን ከጎኑ ቆርጠው በር ከነማጠፊያው አበጁለት፤ ከውስጥ የሽቦ መጋደሚያ፣ ከላይ ከአሮጌ መኪና ማርሚታ የተሠራ ጭስ ማውጫ። ሁለት ቀን ሙሉ ባዶውን አነደዱት፣ በአሸዋ ፈተጉት። ያየው ሁሉ ብየዳ መስሎት አለፈ። ለፋሲካ ሰሃኖቹን በሙሉ፣ እያንዳንዳቸው ላይ የሚያምር ነገር አድርገው ሊመልሱ ወስነዋል።

ግን ጾም ነው። ሞክረው ሊቀምሱ አይችሉም። በሰፈሩ ሰባት ዓመት ያልሞላት፣ መጾም የማይጠበቅባት፣ አፏ ደግሞ ለምግብ የማይሰንፍ አንዲት ሰው ነበረች። እናቴን ለመኗት። "ለሕፃን አይከለከልም፣ አልማዝ" አሏት። እናቴ "ኧረ በስመ አብ፣ በሁዳዴ ዶሮ!" ብላ ብታማትብም እሺ አለች። ከአምስቱ አንዷን፣ ሰው ሁሉ ቅዳሴ በሄደበት ከሰዓት፣ ባረኳት። ከዚያ እንደማንም የካራ ሰው እጃቸው ወደ ባህር ዛፉ ሄደ። ሌላ እንጨት መኖሩንም የምናስብ አይመስለኝም። ፈረንጆቹ ምን እንጨት ያነዱ እንደነበር ጋሽ ባዩ አልጠየቁም።

ዶሮዋ ስትወጣ ማር የተቀባች ትመስል ነበር። ክንፏን ገንጥለው ሰጡኝና ተንበርክከው አፌን ያዩ ጀመር። ጎረስኩ። ወይ ጉድ! ጉንፋን ሲይዘኝ እናቴ በነጠላ ሸፍና ባህር ዛፍ የምታጥነኝን ያንን እንፋሎት በጥርሴ ያኘክሁት ያህል ነው። አፍንጫዬ ተከፈተ። ዓይኔ አለቀሰ። ጋሽ ባዩ እንባዬን አይተው፣ "እንዲህ ጣፈጠሽ?" አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ። እትዬ የሺ ከሞቱ ወዲህ እንዲያ ሲበሩ አይቻቸው አላውቅም። ደግሞም ዶሮ ነው፤ በሁዳዴ! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ። "በጣም ይጣፍጣል" አልኩ። ቅልጥሟንም ጨረስኩ።

ጋሽ ባዩ በማግስቱ ሰፈሩን ዞሩት። "ለፋሲካ ወጥ እንዳትልኩልኝ፤ እኔ ነኝ የምልከው" እያሉ። ጠላ የሚሸጡት እትዬ ጥሩነሽ ዶሮው ሳይገነጠል ሙሉውን ነው የሚበስለው ሲባሉ፣ "ምነው ሸዋ! አሥራ ሁለት ብልት ሳይወጣላት? እርቃኗን?" ብለው አፋቸውን ያዙ። ጋሽ ባዩ ግን "ቀማሽ አለኝ፤ ሰናይትን ጠይቋት" ይላሉ። ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል፤ እኔ ጣቴን እጠባለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው ግን እያደር ከበደኝ። ከእንቅልፌ ስነቃ የማስበው ስድስቱን ሰሃኖችና የቀሩትን አራት ዶሮዎች ሆነ።

ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስንሰግድ ዋልን። ሲያልቅ ካህኑ በወይራ ቅርንጫፍ ጀርባ ጀርባችንን ቸብ ቸብ እያደረጉ የስግደት ቁጥር ያድላሉ። ተራዬ ደርሶ "አንቺስ ምን አጠፋሽ?" ሲሉኝ "ዶሮ" አልኩ። እናቴ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። "በልቼ ይጣፍጣል አልኩ፤ አይጣፍጥም" ብዬ ጨረስኩት። ካህኑ ሳቃቸውን በጺማቸው ደበቁና "ስግደቱን ተይው፤ ለሰውዬው ሄደሽ ንገሪ" አሉኝ።

አመሻሹ ላይ እናቴ ጉልባን በሰሃን አድርጋ ወደ ጋሽ ባዩ ላከችኝ። ሰባተኛው ሰሃን መሆኑ ነው። በራፋቸው ላይ የበርሜሉን ማጠፊያ ቅባት ይቀቡ ነበር።

"ጋሽ ባዩ።"

"ወዬ የኔ ልጅ።"

"ዶሮዋ ጉንፋን ጉንፋን ትል ነበር።"

እጃቸው ቆመ። "ታዲያ ያኔ ምነው ይጣፍጣል አልሽኝ?"

"እርስዎ ደስ ብሎዎት ነበራ።"

ኮፍያቸውን አወለቁ። መደርደሪያውን አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው "ስድስት ሰሃን ጉንፋን ልልክ ነበር በይኛ" አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊታቸው ጠቆረ። ነገ ቅዳም ሹር ነው፤ ከነገ ወዲያ ፋሲካ። እጄን ይዘው እኛ ቤት ገቡና ለእናቴ ሁሉንም ነገሯት። "በቃ ይቅር፤ ያላቅሜ ነው" አሉ። እናቴ ወገቧን ይዛ፣ "ለመሆኑ እኛ የጠላ ጋን የምናጥነው በምንድን ነው? በባህር ዛፍ የታጠነ ጋን አይተው ያውቃሉ? ወይራ ነዋ የሚፈልገው!" አለቻቸው። ጋሽ ባዩ ግንባራቸውን መቱ። በየቤቱ፣ በየጋኑ አጠገብ፣ ወይራ ተቀምጦላቸው ኖሯል። ግን ወዲያው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አራት ዶሮ የሚያበስል ወይራ የለኝም። ደግሞ ከሰው ልቀበል?"

"ምን ሰጠንዎት?" አለች እናቴ። "ጭስ ነው! ጭስ ስጦታ ሆኖ ያውቃል?"

ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩ ሴቶች የወይራ ፍልጣቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው መጡ። ዶሮዎቹ ንጋት ላይ ተባርከው በጨው ውኃ፣ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት ተዘፍዝፈዋል። እትዬ ጥሩነሽ ሊስቁ መጥተው ሥራውን ተረከቡ። "ነበልባል አያሳዩት! ጋን ሲታጠን ነበልባል አያይም፤ እንጨቱን ያርጥቡት" እያሉ ጋሽ ባዩን ያዟቸዋል፤ ጋሽ ባዩ ደግሞ "እሺ እመቤቴ" እያሉ የማርሚታውን ክዳን ከፈት ገርበብ ያደርጋሉ። ጭሱ ቀጭንና ሰማያዊ ነበር፤ አዲስ የታጠነ ቅል ውስጥ አፍንጫ ሲገባ ያለውን ሽታ ይዟል። የሰፈሩ ጿሚ ሁሉ ምራቁን እየዋጠ በአጥሩ በኩል አስር ጊዜ አለፈ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል በሩ ተከፈተ። እትዬ ጥሩነሽ ከቤታቸው ያመጡትን ንጥር ቅቤ በላያቸው ላይ አስኬዱት።

መቅመስ የምችለው አሁንም እኔ ብቻ ነኝ። ጋሽ ባዩ ክንፍ ሰጡኝና እንደዚያ ቀን ተንበረከኩ። ሴቶቹ ከበቡኝ። "ስሚኝ ሰናይት፤ ደስ እንዲለኝ ብለሽ እንዳትናገሪ። እውነት ወይስ ባህር ዛፍ?"

ጎረስኩ። ቆዳው ተንኮሻኮሸ፤ ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ ለቀቀ። ጨውና ሎሚው መጣ፣ ቅቤው መጣ፣ ወይራው ከኋላ ቀስ ብሎ ደረሰ። አኝኬ ሳልጨርስ "እውነት!" ብዬ ጮህኩ። እትዬ ጥሩነሽ እልልታውን ለቀቁት። እናቴ "ገና ጌታ ሳይነሳ!" ብላ አፋቸውን ልትይዝ ስትሞክር እሷም ሳቀች።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ጋሽ ባዩ ነጭ ለብሰው፣ ሰባቱን ሰሃኖች ተራ በተራ ራሳቸው አደረሱ። ለየሰሃኑ ግማሽ ዶሮ፤ የቀረችው ግማሽ የእሳቸው። እያንዳንዱ በር ላይ "ሰሃናችሁ ዘገየ፤ የየሺ ቤት እንኳን አደረሳችሁ ብሏል" ይላሉ። እናቴ የኛን ሁለቱን ተቀብላ ከስራቸው የራሷን ምልክት ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ። ተከትያቸው ቤታቸው ስገባ መደርደሪያው ባዶ ነበር። ጋሽ ባዩ ባዶውን መደርደሪያ እያዩ ግማሽ ዶሯቸውን በሉ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው ያየሁ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር ከእሳቸው ቤት ሰሃን ይወጣል፣ ወደ እሳቸውም ይገባል፤ እንደማንኛውም ቤት። እኔም ካደግሁ በኋላ ፈተና አለፍኩ ስላቸው፣ እጮኛዬን ሳስተዋውቃቸው፣ ሁልጊዜ ያቺኑ ይጠይቁኛል። "እውነት ወይስ ባህር ዛፍ?" አንድ ጊዜ፣ ከእጮኛዬ በፊት ስለነበረ አንድ ልጅ ሲጠይቁኝ፣ "ባህር ዛፍ" ብዬ መልሼ ተረፍኩ። ቆየት ብሎ ሰፈሩ ፈረሰ፤ እኛ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደረሰን። በመጨረሻው ፋሲካ የላኩልን ዶሮ የመጣው በራሳቸው ሰሃን ነበር፤ ከስሩ በሚስማር የተጫረ "ባ" አለበት። በዕቃው ግርግር ከኛ ጋር ተጫነ። የሚመጥን ነገር አድርጌ እመልሳለሁ ስል፣ ጋሽ ባዩ ዕድሜ ጠግበው በሰላም አረፉ። ሰሃኑ እኔ ጋ ቀረ።

ሲግናል ያለው ልጅ በየጠረጴዛው እየዞረ "እንዴት ነው?" ይላል። "አሪፍ ነው!" ይሉታል። እኔ ጋ ሲደርስ ፊቱ በርቷል፤ ያቺን የብርሃን ዓይነት አውቃታለሁ። "ማዘር፣ እንዴት ነው?"

"ልጄ፣ እጅህ ጥሩ ነው፤ እንጨትህ ግን ባህር ዛፍ ነው። ዶሮህን ጉንፋን ይዞታል" አልኩት። ልጄ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እሱ ቀላ፣ ጎንበስ ብሎ ከሰሃኔ ቁራሽ አንስቶ ቀመሰ። "ማንም ነግሮኝ አያውቅም" አለ።

ሰኞ ጠዋት የ"ባ"ን ሰሃን በወይራ ፍልጥ ሞልቼ በልጄ እጅ ላክሁለት። ነበልባል አታሳየው በይው፣ ሰሃኗንም ባዶ እንዳትመልሳት በይው አልኳት። ረቡዕ ማታ ልጄ ከሥራ ስትመለስ ሰሃኗን በጨርቅ ሸፍና ይዛ ገባች። ግማሽ ዶሮ ነበረባት፤ የምን ጭስ እንደሆነ ገና ደረጃው ላይ ሳለች አውቄያለሁ። ክንፉን ገንጥዬ ጎረስኩ።

"እማ፣ እንዴት ነው?"

"እውነት" አልኳት።