የአጎቴ ፊሽካና የአሜሪካኖች ውል

«አሜሪካ ምርጫው ቢቸግራት ደባርቅ ድረስ መጥታ አንቺን ልትጠይቅ ነው?» አለኝ አጎቴ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

በቅሎዎቹ በሚሰለፉበት ሜዳ ላይ ነበርን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ፊሽካው እንደ ሁልጊዜው ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ስለ ፊሽካው አስቀድሜ ልናገር፣ ያለሱ ነገሩ አይገባም። የበቅሎ ባለቤቶች ማኅበር አለን። እንግዳ ወደ ሰሜን ተራራ ሲወጣ ጓዙን የምንጭነው በተራ ነው፤ እንግዳ ሲጠፋ የነጋዴ ገብስ እንጭናለን። ሊቀመንበሩ ጠዋት ፊሽካውን ይነፋና ተረኛውን ይጠራል። ሥልጣኑ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። ሊቀመንበሩ አጎቴ ግን ከዘውድ አሳንሶ አላየውም። በጉልበቱ ጊዜ ከተራራው ማዶ አምቢኮ ድረስ የተመላለሰ ሰው ነው። እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ተራራ አይወጣም፣ አንዲቷ በቅሎውም የምትሄደው በሰው እጅ ነው። ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሳው ፊሽካው ብቻ ነው። እናቴ ካረፈች ጀምሮ ያሳደገኝ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስጨረሰኝ እሱ ስለሆነ ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ነበርኩ። ተራውን የምጽፈው እኔ ስለነበርኩ ተራውን የሚያዛባው ማን እንደሆነም አውቃለሁ። ክፉ ሆኖ አይደለም። ጎንበስ ብሎ ሰላም ያለው ሰው ስም ቶሎ ይመጣለታል፣ ቸኩሎ ያለፈው ሰው ስም ይጠፋዋል። የደባርቅ ሰው ደግሞ ችኩል ነው። ስለዚህ መዝገቤ ላይ የደባርቅ ሰው ተራ ሁልጊዜ ነገ ነው። ይህንን ለአጎቴ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ! «አንቺ ስትጽፊ ነው የተሳሳትሽው» ይለኛል።

ማኅበሩ ሦስት ቡድን አለው፦ ደባርቅ፣ ዳባትና አምቢኮ። ደባርቅ ብቻውን ከሁለቱ ድምር ይበልጣል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቡድን ሦስት ሦስት ወኪል ይልካል፤ ወኪሎቹም ቡድናቸው ላመዘነለት ሰው ድምፃቸውን ይሰጣሉ። ሊቀመንበሩን የሚያነግሡት ዘጠኙ ናቸው። አጎቴ የተወለደው ዳባት ነው፣ አባልነቱም ከዚያው። ሚስት ያገባው ከአምቢኮ ነው። ስድስት ወኪል ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚወዳደረው ማለት ነው።

ተወዳዳሪው ሁላችንም «እትዬ» የምንላት የደባርቅ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ሁለት በቅሎዎቿን ራሷ እየነዳች፣ እንግዶች ድንኳን ተክለው የሚያድሩበት ሳንቃ በር ድረስ ትወጣለች። የፊት ጥርስ የላትም፤ የማንንም ተራ ግን አትረሳም። ሁለት ጊዜ ተወዳድራ ሁለቱንም ጊዜ በሦስት ወኪል ብቻ ወደ ቤቷ ገብታለች።

የአሜሪካ ነገር የመጣው ከሳንቃ በር ነው። የምግብ አብሳዩ ረዳት ሆኜ ወጥቼ ነበር። እንግዳው ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ መምህር ነው። ድንች ስልጥ አጠገቤ ተቀመጠና ስለ ኑሮዬ ጠየቀኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ስለ ማኅበራችን ምርጫ ሳማርር እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

«የኛም እንዲሁ ነው» አለኝ።

አላመንኩትም። ድንቹን እየደረደረ አስረዳኝ። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ክፍለ ግዛቶቹ የሚልኳቸው መራጮች ናቸው፤ ስለዚህ በሕዝቡ ድምፅ ያነሰው ሰው የሚነግሥበት ጊዜ አለ። ይህ ያልጣማቸው አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ውል ገብተዋል። ፕሬዚዳንት ለማንገሥ የሚበቃ መራጭ ያላቸው ክፍለ ግዛቶች ሲሰበሰቡ፣ የራሳቸው ሰፈር ማንንም ይምረጥ ማንን፣ መራጮቻቸውን በሙሉ በአገር ድምር ላሸነፈው ሰው ሊሰጡ ነው።

«ሕገ መንግሥቱን ሳትነኩ?»

«ሳንነካ።»

«ታዲያ ተጀመረ?»

«የሚበቃው ቁጥር ገና አልሞላም።»

«ስንት ዓመት ሆናችሁ?»

አንድ ድንች አነሳና ይልጥ ጀመር።

ደባርቅ እንደወረድኩ ለአጎቴ ነገርኩት። ለኛ ሁለት ቡድን ይበቃል፣ ከዘጠኝ ስድስት ነው፣ የማኅበሩን ደንብ መንካትም አያስፈልግም አልኩት። ያን ጊዜ ነው አሜሪካ አንቺን ልትጠይቅ ነው ያለኝ። ሜዳው በሳቅ ሞላ።

ከሦስት ቀን በኋላ ግን እራት ላይ ራሱ አነሳው።

«ያ የአሜሪካኖቹ ውል… ደባርቅም ይደመራል ማለት ነው?»

«ሁሉም ይደመራል።»

«ደባርቅ እኮ ይወደኛል። ምቀኞቹ ወኪሎቹ ናቸው እንጂ። ጠዋት ጠዋት ስንት ሰው ነው ሰላም የሚለኝ?»

«ተራ ፈልገው ነው፣ ጋሼ።»

«አንቺ አፍሽን ምን ቀባሽው!» አለኝ። ገባኝ ግን። አንድ ጊዜ እንኳ በሁሉም ሰው መመረጥ አምሮታል። በሚስቱ ዘመዶች ብርታት ሊቀመንበር መባል ሰልችቶታል።

ዳባትና አምቢኮ ስድስቱን ወኪል በሁሉም ድምር ለበለጠው እንዲሰጡ ያስማማው እሱ ራሱ ነው። ደባርቆችማ «እኛ ምን ቸገረን» ብለው ተቀምጠው አዩ። በዚህ አላበቃም። አምቢኮዎች በኋላ ቃላቸውን ያጥፉብኛል ብሎ ጠረጠረ። ስለዚህ የነፍስ አባቱን አምጥቶ፣ ውሉን ያፈረሰ ሁሉ የተገዘተ ይሁን አስባለ። እኛ ዘንድ የፈረሙበት ወረቀት ይረሳል፣ ይጠፋል፣ አይጥ ይበላዋል። ግዝት ግን የሚደፍረው የለም።

«ጋሼ፣ ግዝቱ ይቅር» አልኩት።

«ምነው፣ ፈራሽ?»

«የፈራሁት ላንተ ነው።»

ከልቡ ሳቀ።

አባላቱ በየቦታቸው፣ አፉ በጨርቅ በተሸፈነ እንስራ ውስጥ እጃቸውን ከትተው አንድ አንድ ፍሬ እየጣሉ መረጡ። ባቄላ ለአጎቴ፣ አተር ለእትዬ። ባቄላውን የመረጠው አጎቴ ነው፣ ትልቅ ስለሆነ።

የቆጠራው ቀን ማኅበሩ ቤት ተሰበሰብን። እትዬ የለችም። «ተራዬ ደርሷል፣ ቆጠራው ለናንተ» ብላ በጠዋት ጓዝ ጭና ወደ ሳንቃ በር ወጥታለች። የነፍስ አባቱ አባ የዳባትን እንስራ ሰፌድ ላይ ገለበጡት፤ ባቄላው በለጠ። የአምቢኮንም ገለበጡ፤ ባቄላው በለጠ። አጎቴ የፊሽካውን ገመድ በጣቱ ያሽከረክር ጀመር። ከዚያ የደባርቅ እንስራ ተገለበጠ። አተር፣ አተር፣ አተር። ከሰፌዱ ተርፎ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«ይሄ ሰው ሁሉ ጠዋት ሰላም የሚለው ማንን ነው?» አለ አጎቴ።

«አንተን ነው» አለ ከደባርቅ ወኪሎች አንዱ። «ተራ ፈልገን።»

አጎቴ ዞሮ አየኝ። እኔ መዝገቤን አየሁ።

«ጸሐፊ፣ በጠቅላላው ስንት በለጠችኝ?»

«አሥራ አንድ።»

«ድገሚው።»

«ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።»

«ሦስተኛ ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ሆነ። አንዲት አተር እንስራው ቂጥ ላይ ተጣብቃ ቀርታ ኖሯል።

«በቃ ተይው! በቆጠርሽ ቁጥር ይብስብኛል።»

አንደኛው የዳባት ወኪል ወደ ጆሮው ተጠጋ፤ ሹክሹክታው ግን ለሁላችንም ተሰማ። «ውሉን ተወው፣ በደንቡ ስድስት አለህ። ዝም ብለህ ንፋው።»

አጎቴ ፊሽካውን ጨብጦ አባን አያቸው።

«ያስገዘትኸኝ አንተ ነህ» አሉት አባ። «ፍቱኝ ካልህ እፈታለሁ። ጠይቀኝ።»

አልጠየቃቸውም። ከዳባት ሦስት ወኪሎች የመጀመሪያው እሱ ራሱ ስለሆነ ድምፅ መስጠት የሚጀምረው እሱ ነው። በምርኩዙ ተደግፎ ተነሳ።

«ለእትዬ» አለ።

ሌሎቹ አምስቱም አንገታቸውን እንደደፉ «ለእትዬ» አሉ። ደባርቆች ማጨብጨብ ጀምረው ነበር፤ ፊቱን ሲያዩ ተዉት።

ፊሽካውን ሊያወልቅ ሲል ገመዱ ባርኔጣው ላይ ተያዘበት። ላግዘው ብዬ ስነሳ «ተቀመጪ» አለኝ። ራሱ ፈታው። በጋቢው ጫፍ ጠረገውና እጄ ላይ አስቀመጠው።

«ነገ ጠዋት መነፋት አለበት። አሁኑኑ ሳንቃ በር ውሰጂላት፣ ሌሊቱን ትውረድ።»

«እሺ።»

«አነፋፉንም አሳያት። ጥርስ የላትም፣ አየሩ ያመልጣታል።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«የነገው ተረኛ ማነው?»

መዝገቡን ገለጥኩ። «የደባርቅ ሰው ነው።»

«እንግዲያው አትርሺ፣ ንገሪያት» አለኝ።

ውጭ፣ ወደ ላይ የሚወጣ አይሱዙ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። መዝገቡን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ፊሽካውን አንገቴ ላይ አጥልቄ ተሳፈርኩ።